ሥራ ሲቋረጥ ማን ምን ይገባዋል? ስለ ሥራ አጥነት አበልና ስለ ሥራ ስንብት መብት የተደረገ ንግግር





በዚህ የመታሰቢያ ጉባኤ ላይ ቀርቤ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ በቅድሚያ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ከእኔ በፊት የተናገሩት ወንድሞችና እኅቶች ስለ ማስተማር ዘዴ፣ ስለ መጻሕፍት እጥረትና ስለ መምህሩ ክብር በሰፊው ስለ ገለጹ እኔ ወደዚያ አልመለስም። የእኔ ርእስ በመጀመሪያ ሲሰማ ከትምህርት ቤት ግቢ ውጭ ያለ ይመስል ይሆናል። ይኸውም አንድ ሰው ሥራው በተቋረጠበት ጊዜ ምን ይገባዋል? የሚገባውስ በምን በምን ሁኔታ ነው? የማይገባውስ መቼ ነው? የሚል ነው። ይህን ርእስ የመረጥሁት ሕግ ዐዋቂ ስለ ሆንሁ አይደለም፤ እንደ እናንተው የአማርኛና የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። የመረጥሁበትን ምክንያት ለማስረዳት ከአንድ የቀድሞ ተማሪዬ ታሪክ ልጀምር።

ልጁን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አራት ዓመት አስተምሬዋለሁ። ጠባዩ የታረመ፣ የእጅ ጽሕፈቱ የሚያምር፣ የሥራ ማመልከቻ ጻፉ ባልሁ ጊዜ ከክፍሉ ሁሉ አብልጦ የጻፈ ተማሪ ነበር። ትምህርቱን ጨርሶ በአንድ የግል ድርጅት በመጋዘን ጸሐፊነት መቀጠሩን ሰምቼ ደስ ብሎኝ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ቀን ማታ ከቤቴ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ እባክዎ ይህን ወረቀት ያንብቡልኝና ምን ማድረግ እንደሚገባኝ ይንገሩኝ» አለኝ።

ወረቀቱን ተቀብዬ አነበብሁት። አምስት መስመር ብቻ ነው። ከአምስቱ መስመር ነገሩን የፈጸሙት ግን ሁለት ቃላት ናቸው፤ «በገዛ ፈቃዴ» ይላሉ። ልጁ እንደ ነገረኝ፣ ድርጅቱ አርባ ያህል ሠራተኞች ነበሩት። ገበያው በቀዘቀዘ ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ዐሥሩን ሠራተኞች አንድ በአንድ እያስጠራ፣ ሥራ ስለ ቀነሰ ልናቆያችሁ አንችልም፤ እዚህ ላይ ፈርማችሁ የዚህን ወር ደመወዝና የሥራ ልምድ ወረቀታችሁን ውሰዱ አላቸው። ወረቀቱ ግን ስለ ሥራ መቀነስ አንድም ቃል አይናገርም። «በግል ጉዳይ ምክንያት በገዛ ፈቃዴ ሥራዬን ለቅቄአለሁ» የሚል ነው። ዐሥሩም ፈረሙ።

«መቼ ነው የፈረምኸው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ስምንተኛ ወሩን ይዟል፣ ጋሼ።»

«እስካሁን ለምን ዝም አልህ?»

«በፊርማዬ ከወጣሁ በኋላ ምን መብት አለኝ ብዬ ነው» አለኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጁ ያጣውን ገንዘብ ወደ ኋላ በቁጥር አሳያችኋለሁ። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ከገንዘቡ ይልቅ የራሴ ነገር ነበር። ለዚህ ልጅ ወደ ሥራ የሚገባበትን ደብዳቤ አጻጻፍ አስተምሬዋለሁ፤ ከሥራ የሚወጣበትን ደብዳቤ አነባበብ ግን አላስተማርሁትም። መግቢያውን አሳየሁት፣ መውጫውን አላሳየሁትም። ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት ስለዚህ ጉድለት ለመናገር ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆንልን አስቀድመን ስሞቹን እንለይ። በተለምዶ «ከሥራ ሲወጡ የሚሰጥ ገንዘብ» እያልን የምንጠራው በእውነቱ ሦስት ልዩ ልዩ ነገር ነው። አንደኛው የሥራ ስንብት ክፍያ ነው፤ ይህን ሠራተኛው ሲለይ አሠሪው ከራሱ ኪስ አንድ ጊዜ ይከፍላል። ሁለተኛው ጡረታ ነው፤ ይህ በመሠረቱ ለእርጅና፣ ለአካል ጉዳትና ለሟች ቤተ ሰብ የታሰበ ነው። ሦስተኛው የሥራ አጥነት አበል ነው፤ ይህ ሠራተኛውና አሠሪው፣ አንዳንድ ጊዜም መንግሥት፣ አስቀድመው ካዋጡት የጋራ ገንዘብ ሥራ ለጠፋበት ሰው ሌላ ሥራ እስኪያገኝ ድረስ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ የሚሰጥ ነው።

ሦስተኛውን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በየሰፈራችን እድር አለን። የእድር አባል በየወሩ ያዋጣል፤ ኀዘን በደረሰበት ጊዜ እድሩ ይደርስለታል። ነገር ግን እድሩ ለማንም እንዲያው አይሰጥም። መዋጮውን ከፍሏል ወይ? የሞተው ሰው በደንቡ ውስጥ የተጻፈ ዘመድ ነው ወይ? ለጸሐፊው በጊዜው አስታውቋል ወይ? እያለ ይጠይቃል። ይህን ባይጠይቅ ሣጥኑ በአንድ ዓመት ባዶ ይሆን ነበር። የሥራ አጥነት መድንም እንደዚሁ በሣጥን የቆመ ስለ ሆነ ይጠይቃል። እድር ለሞት ነው፤ ይህ ደግሞ ለእንጀራ መቋረጥ የተቋቋመ እድር ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

በመንግሥት ሕግ፣ በግዴታ፣ በአገር ደረጃ ይህን መድን በማቋቋም ቀዳሚ የሆነችው እንግሊዝ ናት። እ.ኤ.አ. በ1911 የወጣው የብሔራዊ መድን ሕግ መጀመሪያ የሸፈነው ሥራቸው ከፍና ዝቅ የሚል ጥቂት ሙያዎችን፣ ማለትም እንደ ሕንፃ ሥራ፣ መርከብ ግንባታና መሐንዲስነት የመሳሰሉትን ነበር። አበሉም በሳምንት 7 ሺሊንግ ሲሆን በአንድ ዓመት ውስጥ ከ15 ሳምንት አይበልጥም ነበር። ከዚያም ወዲህ ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1952 ባወጣው ቁጥር 102 ስምምነት የማኅበራዊ ዋስትናን ዘጠኝ ቅርንጫፎች ሲዘረዝር የሥራ አጥነት አበልን አንዱ አድርጎ መደበው።

እንግዲህ የአገሮቹን ሕግ ስንመለከት ቋንቋቸውና መጠናቸው ቢለያይም ሁሉም ሥራ የጠፋበትን ሰው የሚጠይቁት ሦስት ጥያቄ መሆኑን እናገኛለን።

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ አስቀድመህ ሠርተሃል ወይ? አዋጥተሃል ወይ? የሚል ነው። በጀርመን አበሉን ለማግኘት በመሠረቱ ከሥራ አጥነቱ በፊት ባሉት 30 ወራት ውስጥ የ12 ወር መዋጮ ያስፈልጋል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በእስራኤል ደግሞ በ18 ወራት ውስጥ የ12 ወር ሥራ ይጠየቃል። በአሜሪካ እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ሕግ ቢኖረውም አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከመጨረሻዎቹ አምስት የተጠናቀቁ ሩብ ዓመታት ውስጥ በመጀመሪያዎቹ አራቱ የተገኘው ደመወዝ ነው። ስለዚህ ትናንት ተቀጥሮ ዛሬ የተሰናበተ፣ ከዚያም በፊት ያልሠራ ሰው የቱንም ያህል ቢቸገር በዚህ በር አይገባም።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ሥራው የተቋረጠው እንዴት ነው? የሚል ነው። ከሦስቱም ዋናው ይህ ነው፤ ክርክሩ ሁሉ የሚነሣው በዚህ ላይ ነውና። ሥራ ቀንሶ ወይም ድርጅት ተዘግቶ የተሰናበተ ሰው በዚህ ጥያቄ አይወድቅም። በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ግን በሁሉም ዘንድ ይመረመራል። የ1911 የእንግሊዝ ሕግ ያለ በቂ ምክንያት ለለቀቀ ወይም በጥፋቱ ለተባረረ ሰው ስድስት ሳምንት አበሉን ይከለክል ነበር። ጀርመን ያለ በቂ ምክንያት ለለቀቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ 12 ሳምንት ትከለክላለች። እስራኤል 90 ቀን ታስጠብቃለች። በብዙዎቹ የአሜሪካ ስቴቶች ደግሞ እንዲህ የለቀቀ ሰው እንደገና ተቀጥሮ የተወሰነ ደመወዝ እስኪያገኝ ድረስ መብቱ ተዘግቶበት ይቆያል።

እዚህ ላይ «ያለ በቂ ምክንያት» የሚለውን ቃል ልብ አድርጉልኝ። ሕጎቹ የለቀቀን ሁሉ በአንድ ሚዛን አይመዝኑም። ደመወዙ ሳይከፈለው የቀረ፣ ክብሯ በአሠሪዋ የተደፈረ፣ ጤናን የሚጎዳ ሥራ እንዲስተካከል ጠይቆ ሰሚ ያጣ ሰው ቢለቅ፣ እግሩ ወጣ እንጂ ፈቃዱ አልወጣም። እንዲህ ያለውን ሰው ብዙዎቹ ሕጎች ሥራ እንደ ተነጠቀ ይቆጥሩታል። ነገር ግን ምክንያቱን ማስረዳት የለቃቂው ዕዳ ነው። ከመልቀቁ በፊት አቤቱታውን በጽሑፍ ያላቀረበ ሰው በኋላ በቃል ብቻ ቢናገር የሚያምነው አያገኝም። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህም ይሠራል።

በጥፋት የተባረረ ሰው ነገርም እንዲሁ ልዩነት አለው። እ.ኤ.አ. በ1941 የዊስኮንሲን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአንድ የታክሲ ነጂ ጉዳይ ላይ በሰጠው ፍርድ፣ መብት የሚያሳጣው ጥፋት ሆን ብሎ ወይም በንቀት የአሠሪን ጥቅም መጣስ እንጂ የችሎታ ማነስ ወይም በቅን ልቦና የተፈጸመ ስሕተት አይደለም ሲል ወሰነ። ይህም አስተሳሰብ በብዙ ስቴቶች ተቀባይነትን አገኘ። እኛም በክፍላችን ያልቻለውን ተማሪ ካልፈለገው ተማሪ ለይተን ለመቅጣት የምንደክመው በዚሁ አስተሳሰብ ነው። በሥራ ማቆም አድማ ምክንያት ሥራው የተቋረጠበትን ሰው በሚመለከት ደግሞ የ1952ቱ ስምምነት አበሉ ሊታገድ እንደሚችል ይፈቅዳል።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ለመሥራት ትችላለህ ወይ? ዝግጁ ሆነህ ሥራ ትፈልጋለህ ወይ? የሚል ነው። የሥራ አጥነት አበል የዕረፍት ደመወዝ አይደለም። የታመመ ሰው ወደ ሕመም አበል ይመራል እንጂ በዚህ አይስተናገድም። በዋሺንግተን አካባቢ የሚኖር አንድ ወገናችን ሥራ ባጣበት ወራት ወላጆቹን ለመጠየቅ አዲስ አበባ ቢመጣና በዚያው ሳምንት «ለሥራ ዝግጁ ነኝ» ብሎ ቢያመለክት አብዛኛውን ጊዜ ለዚያ ሳምንት አበል አይገባውም። አስመስሎ ቢወስደው ደግሞ እንደ ማጭበርበር ተቆጥሮ እንዲመልስ ይጠየቃል፤ ይቀጣልም። በሌላ በኩል ግን ሕጎቹ ሰውዬው የመጣለትን ማንኛውንም ሥራ ሁሉ እንዲቀበል አያስገድዱትም። ስምምነቱ «ተስማሚ ሥራ» የሚለው ለሰውዬው ሙያና ሁኔታ የሚመጥነውን ነው።

አሁን ወደ እኛው ሙያ ልመለስ። ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል። መምህሩ በሐምሌና በነሐሴ ሥራ አጥ ነውን? የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ለዚህ ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ ሰጥቷል። በሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ለመመለስ ውል ያለው ወይም አሳማኝ ተስፋ የተሰጠው መምህር፣ በሁለቱ የትምህርት ዘመናት መካከል ባሉት ወራት በመምህርነት ደመወዙ ላይ የተመሠረተ የሥራ አጥነት አበል አይገባውም። ትመለሳለህ ያልተባለው ግን እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ በዚያ አገር ለሚያስተምሩ ወገኖቻችን፣ የትምህርት ዘመኑ ሲዘጋ ከርእሰ መምህሩ የሚደርሳቸው ደብዳቤ በአንዲት ዐረፍተ ነገር ክረምቱን በሙሉ ሊወስንባቸው ይችላል።

በአገራችንም ቢሆን በግል ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ጓደኞቻችን ይህን ነገር በሌላ መልኩ ያውቁታል። ከመስከረም እስከ ሰኔ ብቻ የሚል ውል አንዳንዶቻችሁ አይታችኋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መነሻ የሚያደርገው የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደ ተደረገ ነው፤ ለተወሰነ ጊዜ የሚደረገው ሕጉ በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ለተወሰነ ጊዜ የተደረገ ውል ጊዜው ሲያልቅ ይቋረጣል፤ የጊዜው ማለቅም ብቻውን የስንብት ክፍያ ከሚያስገኙት ምክንያቶች ውስጥ አልተቈጠረም። እንግዲህ ስንፈርም የምናየው የደመወዙን ቁጥር ብቻ መሆን የለበትም፤ ውሉ መቼ እንደሚያልቅ የሚናገረውንም መስመር እንይ።

ሦስቱን ጥያቄ ለመመለስ ፈጽሞ ዕድል የማያገኙም ሰዎች አሉ። እነርሱ ከበሩ ውጭ የቀሩ ናቸው። በአሜሪካ ታክሲ እየነዱ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሕግ ዓይን ራሳቸውን የቀጠሩ ስለ ሆኑ በመደበኛው መድን አይታቀፉም። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ለእንደዚህ ያሉት የተለየ እርዳታ ከፍቶላቸው ነበር፤ እርሱም በ2021 መስከረም ወር ተዘጋ። የተባበሩት ዐረብ ኤሚሬቶች ከ2023 ጥር ወር ጀምሮ የሥራ ማጣት መድን አቋቁማለች። ቢያንስ 12 ተከታታይ ወር መዋጮ የከፈለ፣ ራሱ ያልለቀቀና በዲሲፕሊን ያልተባረረ ሠራተኛ ሥራውን ባጣ በ30 ቀን ውስጥ ካመለከተ የመነሻ ደመወዙን 60 በመቶ እስከ ሦስት ወር ያገኛል። ነገር ግን የቤት ሠራተኞች ከዚህ መድን ውጭ ናቸው። ከእኛ ክፍል ወጥተው ወደዚያ የሚሄዱት ሴቶች ልጆቻችን ብዙዎቹ የሚቀጠሩት ደግሞ በቤት ሠራተኛነት ነው። እዚያ መድን አለ ሲባል ሰምታ የምትሄድ ልጅ፣ ያ መድን እርስዋን እንደማይጨምር የምትሰማው ከማን ነው? ከደላላው አይደለም።

ከምሥራቅ አፍሪካ አገሮች መካከል ታንዛንያ እ.ኤ.አ. በ2018 የማኅበራዊ ዋስትና ሕጓን ስታሻሽል የሥራ አጥነት አበልን አስገብታለች። ቢያንስ 18 ወር ያዋጣና በገዛ ፈቃዱ ያልለቀቀ አባል ከደመወዙ አንድ ሦስተኛ ያህል ለስድስት ወር ያገኛል። ኬንያ ደግሞ በ2007 የሥራ ቅጥር ሕጓ በቅነሳ ለሚሰናበት ሠራተኛ ለእያንዳንዱ የተሟላ የአገልግሎት ዓመት ከ15 ቀን ደመወዝ የማያንስ ስንብት እንዲከፈል ደንግጋለች።

የእኛስ አገር? በኢትዮጵያ የሥራ አጥነት አበል የለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት ለሥራ አጦችና ለችግረኞች የሥራ ዕድልን የሚያሰፋ መመሪያ እንዲከተል ያዝዛል፤ ይህ ግን ለአንድ ሥራ አጥ በየወሩ ይህን ያህል ይከፈለው ከማለት የተለየ ነው። ጡረታውም ቢሆን ለሥራ ማጣት የታሰበ አይደለም። በግል ድርጅት ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ ነገር ግን በ35 ዓመቱ ሥራ ያጣ ሰው ዐሥር ዓመት አዋጥቶ ቢሆንም በመሠረቱ የሚጠብቀው 60 ዓመት እስኪሞላው ነው። ስለዚህ በግል ድርጅት ለሚሠራው ኢትዮጵያዊ በሥራ ማጣት ጊዜ ያለው መከታ የማስጠንቀቂያ ጊዜውና የሥራ ስንብት ክፍያው ናቸው። የመንግሥት መምህራን የምንተዳደረው በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ስለ ሆነ የምናገረው በዋናው ስለ ልጆቻችንና በግል ትምህርት ቤት ስላሉት ጓደኞቻችን ነው።

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የስንብት ክፍያን የሚሰጠው የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ ሲሆን፣ ከሚያስገኙት ሁኔታዎች ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው። ድርጅቱ በመክሰር ወይም በሌላ ምክንያት ለዘለቄታው ሲዘጋ፤ ሠራተኛው በቅነሳ ሲሰናበት፤ አሠሪው ከሕግ ውጭ ሲያሰናብተው፤ አሠሪው ሰብአዊ ክብሩን የሚነካ ወይም በወንጀል የሚያስቀጣ ድርጊት ፈጽሞበት ሠራተኛው ሲለቅ፤ ለጤናው ወይም ለደኅንነቱ የሚያሰጋ ነገር መኖሩን አሠሪው ተነግሮት እርምጃ ባለመውሰዱ ሠራተኛው ሲለቅ፤ በአካል ጉዳት ምክንያት መሥራት አለመቻሉ በሐኪም ሲረጋገጥ። ከእነዚህም ሌላ ቢያንስ አምስት ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ፣ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የአገልግሎት ግዴታ ከሌለበት፣ በገዛ ፈቃዱ ቢለቅም እንኳ ክፍያው ይገባዋል። አምስት ዓመት ያልሞላው ግን ከላይ የተነገረው ዓይነት ምክንያት ሳይኖረው በፈቃዱ ከለቀቀ አይገባውም። ያለ ማስጠንቀቂያ በሚያሰናብት ጥፋት በሕግ አግባብ የተባረረም እንዲሁ።

አሁን የልጁን ሒሳብ እንሥራ። ደመወዙ በወር 6,000 ብር ነበር፤ ያገለገለውም ሦስት ዓመት ነው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ 6,000 ብር። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ፣ ለሁለት ዓመት 4,000 ብር። ስንብቱ በቅነሳ ስለ ሆነ በተጨማሪ የ60 ቀን ደመወዝ፣ 12,000 ብር። ጠቅላላው 22,000 ብር ይሆናል። ከዚህም በላይ በቅነሳ ለሚሰናበት ሠራተኛ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይገባው ነበር። ይህ ሁሉ የጠፋው ከሠራተኛው በኩል በሆነ ጥፋት አይደለም፤ ሁለት ቃላት ባሉበት ወረቀት ላይ በተደረገ አንድ ፊርማ ነው። ፊርማው በግፊት የተደረገ ነው ብሎ መከራከር ይቻል ነበር፤ ለዚያም ምስክር የሚሆኑ ዘጠኝ ጓደኞች ነበሩት። ነገር ግን ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ በሦስት ወር፣ ከውል መቋረጥ የሚመነጭ የገንዘብ ጥያቄ ደግሞ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። እርሱ ወደ እኔ የመጣው በስምንተኛው ወር ነው።

ሌላ ታላቅ ጉድለትም አለ። የስንብት ክፍያ ከአሠሪው ኪስ የሚወጣ ነው። አሠሪው ሠራተኛ የሚያሰናብተው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኪሱ በጎደለበት ቀን ነው። ሕጉ የሠራተኛው ጥያቄ ከሌሎች ዕዳዎች ቀደምትነት እንዲኖረው ቢያደርግም ከባዶ ሣጥን ቀድሞ መድረስ ጥቅሙ ጥቂት ነው። የሥራ አጥነት መድን የሚሻለው በዚህ ነው፤ አደጋውን አንድ ድርጅት ብቻውን አይሸከመውም፣ ብዙዎች በደኅናው ቀን ያዋጡበታል። ይህ ሁሉ ሲሆን ነገሩ ቀላል ነው አልልም። ከሕዝባችን የሚበዛው ገበሬ ነው፤ በከተማም ብዙው የዕለት ሠራተኛና አነስተኛ ነጋዴ ስለ ሆነ መዋጮ የሚቀነስበት ደመወዝ የለውም። በደመወዝተኛ ብቻ ቢጀመር ደግሞ የተሻለ ኑሮ ያለውን አስቀድሞ ማቀፍ ይሆናል። ሆኖም እንግሊዝ በጥቂት ሙያዎች እንደ ጀመረች አይተናል። በጥቂቱ መጀመር የሚያሳፍረው በጥቂቱ ለመቅረት ለሚፈልግ ብቻ ነው። ማኅበራችንም ስለዚህ ጉዳይ ከሌሎች የሠራተኛ ማኅበራት ጋር አብሮ ሊመክርና ሐሳቡን ለሚመለከተው ክፍል ሊያቀርብ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

እስከዚያው ድረስ ግን እኛ መምህራን ማንንም ሳንጠብቅ ልንሠራው የምንችለው ነገር አለ። የሥራ ማመልከቻ አጻጻፍ በምናስተምርበት ሰሞን አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ጨምረን ስለ ሥራ መውጫ እናስተምር። የምናስተምረውም ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ሳያነቡ አለመፈረም ነው። በተለይም ደብዳቤው ሥራው የተቋረጠበትን ምክንያት እንዴት እንደ ጻፈው ተማሪው ጣቱን አስቀምጦ እንዲያሳይ እናድርግ። «በቅነሳ ምክንያት» እና «በገዛ ፈቃዴ» በንባብ ቅርብ ናቸው፤ በውጤት ግን ሰማይና ምድር ናቸው። እውነት ያልሆነ ምክንያት የተጻፈበትን ወረቀት አልፈርምም ማለት ድፍረት አይደለም፤ ከሐሰት መራቅ ነው።

ሁለተኛ፣ ወረቀት ማስቀመጥ ነው። የቅጥር ውል፣ የደመወዝ መቀበያ፣ የጡረታ መለያ ቁጥር፣ የጻፉት አቤቱታ ግልባጭ፣ ሁሉም በአንድ አቃፊ ይቀመጥ። አሠሪው ሥራ ሲቋረጥ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት። ስለዚህ ይህ ወረቀት ለፊርማ መለወጫ የሚቀርብ ስጦታ አይደለም። ልጄ ግን በራሱ መብት ተደልሎ ፈረመ።

ሦስተኛ፣ ቀን መቁጠር ነው። ሦስት ወርና ስድስት ወር ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ልጆቹ በቃላቸው ይያዙት። የወንዞችን ርዝመትና የተራሮችን ከፍታ በቃላቸው የሚይዙ ልጆች ይህ አይበዛባቸውም። ወደ ውጭ አገር የሚሄዱትም፣ በምሄድበት አገር እኔ በምሠራው ሥራ ላይ ሕጉ ይመለከተኛል ወይ? ብለው አስቀድመው መጠየቅን ይልመዱ።

የትምህርት ሹማምንት ሆናችሁ በዚህ የተገኛችሁትን የማስቸግራችሁ አዲስ መጽሐፍ እንዲታተም ወይም አዲስ የትምህርት ዓይነት እንዲቋቋም አይደለም። ለዚህች አንድ ክፍለ ጊዜ ቦታ እንድትሰጧት ብቻ ነው። የሠራተኛ ሕግ የሚያውቅ ሰው በየወረዳው አይጠፋም፤ አንድ ቀን ተጋብዞ ቢመጣ ልጆቹም መምህሩም ይጠቀማሉ።

ንግግሬን ከመፈጸሜ በፊት፣ ልጁ የት ደረሰ? ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ከብዙ ወራት በኋላ ሥራ አግኝቷል። አዲሱን የቅጥር ውል ከመፈረሙ በፊት ወደ እኔ ይዞት መጣ፤ ሁለታችን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ከላይ እስከ ታች አነበብነው። ያልገባንንም አንድ መስመር ለቀጣሪው ጠይቆ ካስረዱት በኋላ ፈረመ። ከመሄዱ በፊት፣ «ጋሼ፣ ይህን ያኔ በክፍል አብረን አንብበን ቢሆን ኖሮ» አለኝና ዝም አለ። እኔም መልስ አልነበረኝም። በዚህ ዓመት ግን ማመልከቻ ባስተማርሁበት ሳምንት ስሙን አጥፍቼ ያንን የአምስት መስመር ወረቀት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍሁት፤ ተማሪዎቼም ሁለቱን ቃላት ራሳቸው ፈልገው አገኟቸው።